የሞጣው ልጅ ያነሣው ፎቶ

የመኝታ ቤታችን መስኮት ሳንቃ ምስማሩ ወልቆ ከተበሳ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት በቀዳዳው በሚገባው ብርሃን የቢቸና መንገድ ተገልብጦ ግድግዳችን ላይ ይሄዳል። አህያው እግሩን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ባጃጁ ጣሪያውን ቁልቁል አድርጎ። ባለቤቴ የሺ ዛሬም እያየች ስትስቅ፣ አህያው እግድግዳው ላይ በተሰቀለው የወጣትነቷ ፎቶ ላይ አለፈ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ፎቶ ያነሣው ሌላ ሰው ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። የሺና እኔ ቢቸና አንድ ክፍል እንማር ነበር። ከሐረር ተመድበው የመጡ የፊዚክስ መምህራችን ከወተት ዱቄት ጣሳ ካሜራ መሥራት አስተማሩን። የጣሳውን ውስጥ በጥላሸት ማጥቆር፣ በመርፌ የተበሳ ስስ ቆርቆሮ ከፊት መግጠም፣ ከበስተኋላ የፎቶ ወረቀት መለጠፍ፤ በቃ። አንድ ቀንም ሁለት ምላጭ አጠጋግተው በስንጥቁ የኩራዝ ብርሃን አሳዩን። ስንጥቁን ባጠበቡት ቁጥር ብርሃኑ በመቅጠን ፈንታ ወደ ጎን ተንሰራፋ፤ ጥቁር ጥቁር መስመርም ገባበት።

ጥር ላይ ለክበባት ኤግዚቢሽን ሞጣ ሄድን። አቧራው ቅንድባችንን አንጥቶት ደረስን። እዚያ ታደለ የሚባል የቄስ ልጅ እንደኛው የጣሳ ካሜራ ይዞ ጠበቀን፤ ረጅም፣ ሳቂታ። የሺ መምህራን ማሠልጠኛ ልትገባ ስለነበር እናቷ አንድ ፎቶ እንድታስቀርላቸው ለምነዋታል።

«ሁለታችሁም አንሡኝ፤ ያማረውን ለእማዬ እሰጣለሁ» አለችን። ይህን እያለች እናቴ የጋገረችውን፣ እኔ ለሷ የሰጠኋትን ዳቦ ቆርሳ ለታደለ አጎረሰችው። ደሜ ፈላ።

የታደለን ቀዳዳ አየሁት፤ ሰፊ ነው። የኔ ከሱ እጅግ ካነሰ ፎቶዬም እጅግ ይጠራል ብዬ፣ አዲስ ቆርቆሮ በቀጭኑ መርፌ ጫፍ ነካ ብቻ አደረግሁት። የምላጩን ነገር ቅናት አስረሳኝ።

ሰዓት ስላልነበረን የምንለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነው። ጸሎት የማይወድ ካድሬ በቅርብ ስለቆመ ከንፈራችንን ብቻ አንቀሳቀስን። መጀመሪያ ታደለ አንዴ ብቻ ደግሞ ጨረሰ፤ በተራዬ እኔ ቀዳዳዬ ስለጠበበ ደጋግሜ አነበነብሁ።

ፎቶው ሲታጠብ የሱ ሹሩባዋን ዘለላ በዘለላ አወጣው። የኔ ጉም ነበር።

«ተንቀሳቅሳ ነው» አልሁ።

«ግድግዳውስ ተንቀሳቀሰ እንዴ?» አሉኝ መምህሩ። «ቀዳዳህን ከልክ በላይ አጥብበኸዋል። ምላጩን አላየህም? ብርሃን መውጫ ሲጠበው ይበተናል፤ እርስ በርሱም ይደራረባል።»

ታደለ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አይዞህ» አለኝ። ከሁሉ የበለጠ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የሺን ያገባኋት እኔ ነኝ፤ ፎቶው ግን ከእናቷ ቤት ተከትሎን መጣ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሙሉ ለሌላ ሰው ፈገግ ብላ ትታያለች። ዛሬ አላስችል አለኝና ጠየቅኋት።

«ለመሆኑ ያን ቀን ምን አሳቀሽ?»

«አንተ ነሃ! ከታደለ ኋላ ወደ ጎን ቆመህ፣ አኩርፈህ ጉንጭህን ነፍተህ! ሳቄ እንዳያመልጠኝ ስንት ታገልሁ።»

መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። እውነቷን ነው። ዓይኗ ካሜራውን አልፎ ወደ ጎን ያያል፤ እኔ ወደ ቆምሁበት። ጥርት ብሎ ይታያል። በኔ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ይህን መቼም አላየውም ነበር። እንግዲህ ለዚህም የሞጣውን ልጅ ላመሰግነው ነው፤ ይኸው ደግሞ አንጨረጨረኝ።