ለአራት ነገሥታት የደወለው ኒንያን

ምሕረት አገኘ! ማኅተም ያለበትን ብራና ደረቱ ውስጥ ሸጉጦ በሁለት እግሩ ቤቱ ገባ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ እንዲያውም አብሬው ነበርኩ። ይህን የምጽፈው ገና ከመንገድ እንደገባሁ ነው። 

የምለው ስለ ኒንያን ነው፤ ስለ ደብራችን ደወል ደዋይ። አባቱ ወገቡ ሲጎብጥ የደወሉን ገመድ የተረከበው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ሽማግሌው ንጉሥ ሲሞት ደወለ። ልጁ ነግሦ የሮማን የጥንት ቅዳሴ ሲሽር ደወለ። ልጁ ተቀጭቶ እኅቱ ማርያም ስትነግሥና የጥንቱን ቅዳሴ ስትመልስ ደወለ። እሷም ስታልፍ ለታናሽ እኅቷ፣ ለዛሬዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ ደወለ። ኤልሳቤጥ ቅዳሴውን መልሳ አስወጣች፤ የመሠዊያው ድንጋይ ተነቅሎ ጠረጴዛ ገባ፣ የቅዱሳኑ ሥዕሎች ኖራ ተቀቡ፣ መስቀሉ በነበረበት የእሷ የዓርማ አንበሳ ተሣለ። ቄሳችን በአንድ ዕድሜ ሦስት ጊዜ ሃይማኖት ለወጡ፤ ኒንያን ያንኑ አንድ ገመድ ሲጎትት ኖረ።

ባለፈው ኅዳር ግን የሰሜን መሳፍንት የጥንቱን ሃይማኖት እንመልሳለን ብለው ሸፈቱባት። ፈረሰኞቻቸው መጥተው ሕዝቡ እንዲሰበሰብ ደውል አሉት፤ አንዱ ጦሩን ጎኑ ላይ አስደግፎበታል። ደወለ። ጎረምሶቻችን ተከትለዋቸው ወጡ። ወር እንኳ ሳይቆይ ዐመፁ ከሸፈ፤ መሳፍንቱ ፈረስ አላቸውና ድንበር ተሻገሩ፤ እግር ብቻ ያለው እዚሁ ቀረ።

የንግሥቲቱ ጦር ከደቡብ ሲመጣ ወሬው ቀድሞት ደረሰ፤ ከየመንደሩ ሰው እየተመረጠ ይሰቀላል፣ በተለይ ደወል የደወለውን ይፈልጋሉ ተባለ። እንግዲህ የኒንያንን ጭንቅ እዩልኝ። የንግሥት ጦር ሲያልፍ ደወል ዝም ካለ ያ ደብር ከዳተኛ ነው፤ ከጮኸ ደግሞ ደዋዩ አለሁ ማለቱ ነው። ሚስቱ ሲቢል እጁን ይዛ አልለቅም ብላው ነበር። እሱ ግን ዝም ብል መንደሩ ይቃጠላል ብሎ ወጣና ደወለ።

የጦሩ ሹም ቀና ብሎ አዳመጠና ቄሱን፣ “ደዋያችሁ እጀ ብርቱ ነው። ያን ቀንም እሱ ነበር?” አላቸው። ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ያ በቂ መልስ ሆነ።

ኒንያን በቤተ ክርስቲያኑ የጓሮ በር ወጥቶ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ሸማኔ ነኝ፤ ከሱፍ ክምሩ ሥር አስገባሁት። ወታደሮቹ ሲያጡት የሣር ቤት ክዳን ሠሪውን ሮላንድንና አንድ የወፍጮ ሠራተኛ ያዙ። ገመድ አጠራቸውና የደወሉን ገመድ ቆርጠው በእሱ አደባባይ ላይ ሰቀሏቸው። አውርዶ መቅበር ተከለከለ። በአደባባዩ ስናልፍ ዓይናችንን ጫማችን ላይ እንተክል ነበር። ኒንያን ከሱፉ ውስጥ ሆኖ ሮላንድን አወረዱት ወይ ይለኛል፤ እኔ የሽመና ዕቃዬን አጥብቄ አንኳኳለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ሌላ ሱፍ እደርብበታለሁ።

በረዶው ሲቀልጥ አዋጅ ተነገረ፤ በገዛ እግሩ ወደ ደርሃም ከተማ ሄዶ ተንበርክኮ ለንግሥቲቱ የማለ ሁሉ ምሕረት ያገኛል።

“አይጥም የወጥመዱን አይብ ስታይ ምሕረት ወጣ ትላለች” አለች ሲቢል።

ኒንያን ግን ኮቴ ሲያዳምጡ መኖር ከመሰቀል አይሻልም አለ። እኔም ለሸፈቱት ዳቦ ሰጥተሃል ተብዬ መሐላ ነበረብኝና አብረን ወጣን። የያዝነውን የአጃ ቂጣ አልቀመሰውም። ከተማው በር ላይ የተሰቀሉትን ሲያይ ቆመ፤ ክንዱን ይዤ አስገባሁት።

የፍርድ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ተራ በተራ መጽሐፉ ላይ እጁን እየጫነ፣ ከሮማው ጳጳስ ሥልጣን ይልቅ የንግሥቲቱን እቀበላለሁ እያለ ይምላል። ጸሐፊው ከዳኛው ጎን ተቀምጦ ስምና ሥራ ይጠይቃል። ሌላው ገበሬ፣ እረኛ እያለ አለፈ። ኒንያንም እረኛ ነኝ ቢል ማን ያውቅበታል? በልቤ እረኛ በል፣ እረኛ በል እለዋለሁ። እጁ ግን መጽሐፉ ላይ ነበር።

“ደዋይ ነኝ” አለ።

 ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠና፣ “ለሸፈቱትም ደወልክ?” አለው።

“ደወልኩ፣ ጌታዬ። ለእናንተም ደወልኩ። ለአባቷም፣ ለወንድሟም፣ ለእኅቷም።”

“ለመጣ ሁሉ ነዋ!”

“ያልመጣ ደውል ብሎኝ አያውቅም።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ እኔ ግን አለቀለት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። 

“ከእንግዲህስ?” አለ ዳኛው።

“ለእሷ ብቻ። እግዜር ዕድሜዋን ያርዝመው፤ ሌላ ንጉሥ የምችልበት ጉልበት የለኝም።”

ዓይኔን የገለጥኩት የምሕረቱ ማኅተም ሰሙ ላይ ሲያርፍ ሰምቼ ነው።

ኒንያን አሁን ሲቢል ጭን ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤ እሷም ታለቅሳለች፣ ትሰድበዋለች። እኔ ግን መቀመጥ የለብኝም። አንጥረኛው ኦስዊን ምሕረቱን ወጥመድ ነው ብሎ እስካሁን ረግረጉ ውስጥ ተደብቋል፤ የአዋጁ ቀን ደግሞ ሊያልቅ ነው። ጫማዬ የታለ? ሄጄ እውነት ነው ልበለው።