የወንጪን መርዶ ይዤ ወደ ቂርቆስ

ከኮዬ ፈጬ

ዛሬ ጠዋት ከቤት የወጣሁት መርዶ ልነግር ነው። የሞተ ሰው የለም፤ የሞተችው ወንጪ ናት። ሐይቁን ማለቴ አይደለም፤ በሐይቁ ስም የተሰየመችውን የጭነት መርከብ ነው። እኔ ሞተር ክፍል፣ ሸረፋ ደግሞ ወጥ ቤት ሆነን ወጣትነታችንን የጨረስነው እሷ ላይ ነው። ከስሟ ጋር «መርከብ» የምትለዋን ቃል የጨመርኩት ግር እንዳይላችሁ ብዬ ነው እንጂ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ጎረቤታችሁን «አበበ የሚባለው ሰው» እያላችሁ ነው የምትጠሩት? ወንጪ ካልን ወንጪ ነው፤ የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ ይጠይቅ።

ሌላም ደንብ አለን። አንድ ላይ የሠራን ሰዎች በገዛ ስማችን አንጠራራም። ባሕር ላይ በሬዲዮ የሚጠራው የመርከቧ ስም እንጂ የሰው ስም አይደለም፤ ልማዱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስንገናኝ «ወንጪ!» ይለኛል፣ እኔም «ወንጪ!» እለዋለሁ። እዚህ ሸረፋ እያልኩ የምጽፈው ለእናንተ ስል ነው፤ በአፌ ጠርቼው አላውቅም። እሱም የእኔን ስም ያስታውሰው አያስታውሰው እንጃ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንደዋወላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወንጪ የት ደረሰች?» ነው። ልጆች፣ ጤና፣ ኑሮ ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይደረስበትም። ወንጪ ከተሸጠች ቆይታለች፣ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። የተሸጠች ግን ሞተች ማለት አይደለም፤ አንዱ ባሕር ላይ አለች። ስለዚህ ተጠያቂው እንደ ወሩና እንደ ነፋሱ እየገመተ «ጅዳ ናት፣ እያራገፈች ነው» ወይም «ሞምባሳ ተራ እየጠበቀች ነው» ይላል። ጠያቂው «በሰላም ያግባት» ይላል። ይኸው ነው። ሰው ቢሰማን ጃጅተዋል ይለን ይሆናል። ባለቤቴ ዘነበች ካረፈች ወዲህ ግን የእኔ ስልክ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

በቅርቡ ነገር ፈለግሁ። ከፎቃችን ሥር ስልክ የምትጠግን ሴት አለች። ስልኬን ስታስተካክልልኝ የድሮ ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ስሟን ይንገሩኝ፣ አሁን እንፈልጋታለን» አለች። ምን አቀበጠኝ! ጥቂት ጎርጉራ ስልኳን አዞረችልኝ። ወንጪ ሩቅ አገር፣ ባሕር ዳር ጭቃ ላይ ተጎትታ ወጥታለች። ፊቷ የለም። ሰዎች ብረቷን በእሳት እየቆራረጡ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸረፋ ሲደውል «ሞምባሳ ናት» እላለሁ። ድሮ ግምት ነበር፣ አሁን ውሸት ሆነብኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቁርስ አልበላ ይለኛል።

ታዲያ ለምን ቶሎ አልነገርከውም ትሉኛላችሁ። ፈርቼ ነዋ! ሸረፋ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ሱቅ አለው፤ ደጁ ሰው አይጠፋበትም። እኔ ያለኝ ቅዳሜ ነው። ወንጪ ከሞተች ምን ብሎ ይደውልልኛል?

በስልክ ደግሞ አይነገርም። የመርከብ ሞት እንደ ሰው ሞት ነው፤ አብረው የሠሩ ሁለት ሆነው፣ ባዶ እጃቸውን፣ በአካል ሄደው ነው የሚያረዱት። ስለዚህ ካዛንቺስ ሄጄ የሬዲዮ ሠራተኛችንን አስፋውን ይዤ፣ ከእሱ ጋር ቂርቆስ ሸረፋ ቤት ልገባ አሰብኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ወያላው «አባባ፣ ጠጋ ጠጋ ይበሉ!» እያለ አራት ሰው ለሦስት ወንበር አደረገን። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ እስከ ሳሪስ አንዴም ቀና አላለችም። እኔም ማውራት አምሮኝ ነበር፣ ተውኩት።

ካዛንቺስ

መስቀል አደባባይ ስደርስ ሯጮቹ ጨርሰው ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ በባምቢስ በኩል በእግሬ ወጣሁ። ባምቢስ ያው ባምቢስ ነው፤ መኪናው ይጮኻል፣ ሰው በትከሻው ይገፋሃል፣ ይቅርታ የሚል የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ ወይ ጉድ! የኖርኩበት ሰፈር ነው፣ ግን መንገድ ጠፋኝ።

እኔና ዘነበች ከዚህ ተነስተን ነው ኮዬ የገባነው። ከዚያ ወዲህ መጥቼ አላውቅም። መንገዱ ሰፍቷል፣ ያምራል፣ አልዋሽም። አበባ ተተክሏል፣ የብስክሌት መስመር ተሰምሯል፣ መብራቱ የተደረደረ ነው። የእኛን ግቢ ለማግኘት የበሩን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የአንድ ባሕር ዛፍ ምልክት ፈለግሁ፤ አንዱም የለም። ደክሞኝ አዲስ የድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ምናልባት የተቀመጥኩት መኝታ ቤታችን ላይ ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ፊቴን እንዳያይ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ለአስፋው ደወልኩ፤ ስልኩ አይሠራም። ከታጠረ የግንባታ ቦታ በር ላይ አንድ ወጣት ጥበቃ ቆሟል፣ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ፋዘር፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«አስፋው የሚባል ሰው። ረጅም፣ መነጽር ያለው። እዚህ ዳቦ ቤቱ ጀርባ ነበር የሚኖረው።»

«ዳቦ ቤቱስ የታል፣ ፋዘር? ማለቴ፣ ሰዉ ሁሉ ተበትኗል በቃ። ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ። ምን ይሠሩ ነበር?»

«መርከብ ላይ ነው የሠራነው።»

ሳቀ። «ኧረ አይቀልዱ! ባሕር ሳይኖረን?»

«ባሕሩ ሲሄድ እኛ መርከቡ ላይ ነበርን» አልኩት፤ ድምፄ ሳላስበው ከረረ። ልጁ ደነገጠና ሳቁን ዋጠ።

«ይቅርታ፣ ፋዘር። ስሟ ማን ነበር?»

«ወንጪ።»

«ወንጪ መርከብ! አሪፍ ስም ነው።»

ያቺን ቃል ሲለጥፍባት ጥርሴን ነከስኩ፤ ምን ያውቃል ብዬ ተውኩት። በኋላማ ጥሩ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። የራሱን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ የሰፈሩ የድሮ ሰዎች አልፎ አልፎ ቦታቸውን ሊያዩ እንደሚመጡ ነገረኝ። አንዳንዶቹ ቆመው አይተው ምንም ሳይናገሩ ይመለሳሉ አለኝ።

«ምናልባት ሰውዬው ከመጡ፣ ማን መጣ ልበላቸው?»

«ወንጪ መጥቶ ነበር በላቸው። ያውቃል።»

«የእርስዎን ስም ነው የጠየቅኩት።»

«እሱ ይበቃል» አልኩትና ተነሳሁ። አስፋው በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ ሳላውቅ ካዛንቺስን ለቅቄ ወረድኩ። እንግዲህ መርዶውን ብቻዬን ልነግር ነው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኮዬ ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር።

በደምበል በኩል

ደምበል አካባቢ ስደርስ ራበኝ። ጥግ ላይ ካለ ሻይ ቤት በሻይ አንድ ቦንቦሊኖ በላሁ፤ እንደ ድሮው ቦንቦሊኖ ትልቅ አይደለም፣ ዋጋው ነው ያደገው። ሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ነበረች። ብርቱካን ይዤ ብገባስ አልኩ ለራሴ። ሸረፋ ደስ ይለዋል፣ ምሳ እንበላለን፣ ስለ ወንጪ አንድ ወደብ ፈጥሬ ነግሬው እመለሳለሁ፤ ቅዳሜም እንደ ልማዱ ይደውላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር።

«ለጥየቃ ነው አባቴ? የታመመ ሰው ካለ ጣፋጩን ልምረጥልዎ» አለች ፌስታሉን እየከፈተች።

«ለመርዶ ነው» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

ፌስታሉን መለሰችው። «ውይ! ለመርዶማ ምን ይያዛል። ቅርብዎ ናቸው የሞቱት?»

«በጣም ቅርቤ ናት።»

«እግዜር ያጽናዎት። ነፍስ ይማር።»

ለወንጪ «እግዜር ያጽናዎት» የተባልኩት ያኔ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከማላውቃት የብርቱካን ነጋዴ! አሜን ብዬ ፊቴን አዞርኩ፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ባዶ እጄን ወደ ቂርቆስ ታጠፍኩ።

ቂርቆስ

የሸረፋ ሱቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቅያስ ውስጥ ነው፤ ቤቱ ከሱቁ በስተጀርባ ነው። እዚህ ገና ቆርቆሮው አለ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ሴቶች በር ላይ ቆመው ያወራሉ። ሸረፋ ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘነ ነበር። ቀና ሲል አየኝ።

«ወንጪ!» ብሎ ሲጮህ ቅያሱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስኳሩን ትቶ ከባንኮኒው ወጣ። ሊያቅፈኝ ክንዱን እንደዘረጋ ዓይኑ እጄ ላይ ወደቀ። ከዚያ ከኋላዬ ተመለከተ፤ ማንም የለም። ክንዱ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ብቻህን ነህ?»

«አስፋውን አጣሁት። ሰፈሩ የለም።»

«ሰሞኑን ድምፅህ ደስ አላለኝም ነበር» አለ። «ዘነበችን አስታውሶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በል ንገረኝ።»

«ወንጪ አርፋለች» አልኩት።

ሸረፋ መጀመሪያ ለሴትዮዋ ስኳሯን ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ የሱቁን በር እስከ ግማሽ አወረደና ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ፋጡማ በሩ ሲወርድ ሰምታ ከውስጥ ወጣች።

«ምነው? ማን ሞቶ ነው?»

«የኛ ሰው ነው» አላት።

ፋጡማ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። «አላህ ያጽናችሁ» ብላ ለእኔም ወንበር አምጥታ፣ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ዝም አሰኝታ ገባች። እኛም ሱቁ ውስጥ በግማሽ ጨለማ ቁጭ አልን።

«በስሟ ነው የሞተችው?» አለኝ በመጨረሻ።

ይህን እንዳይጠይቀኝ ነበር መንገዱን ሁሉ የጸለይኩት። የተሸጠች መርከብ አዲስ ስም ይሰጣታል፤ በእኛ ዘንድ ያ ስም አይነሳም። አንዱ ረስቶ ቢያነሳው እንኳ ሌላው እንዳልሰማ ይሆናል።

«ሌላ ስም ቀብተውባት ነበር።»

«አትንገረኝ!»

«አልነገርኩህም።»

«ታዲያ እሷ መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ከኋላዋ። ስሟ እኮ በብረት ተበይዶ ነው የተጻፈው። ሺህ ጊዜ ቢቀቡት ከሥሩ ፊደሉ ጎላ ብሎ ይታያል። ወንጪ ይላል፣ ከሥሩ አዲስ አበባ ይላል። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሸረፋ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አዲስ አበባ የሚለው የተመዘገበችበት ወደቧ ነበር፤ መርከብ ከኋላዋ ስሟና ቤቷ ይጻፍባታል። በየአገሩ ወደብ «አዲስ አበባ በየትኛው ባሕር ነው ያለችው?» እያሉ ይስቁብን ነበር። ሸረፋ ምግብ እያወጣ «አንድ ቀን መስቀል አደባባይ ላይ እናቆማታለን» እያለ ይመልስላቸው ነበር።

«እንግዲያው በስሟ ነው የሞተችው» አለ እጁን ከፊቱ ሲያነሳ። «ያ ረቢ። ደግ አደረግህ፣ መጥተህ ነገርከኝ። በስልክ ብትነግረኝ ኖሮ በሕይወቴ አላናግርህም ነበር።»

ፋጡማ ምሳ አቀረበች፤ ሁለታችንም እየቆነጠርን ተውነው። ስለ ወንጪ አወራን፤ የሞተሩን ድምፅ፣ ማዕበል ሲመታን ድስቱን በገመድ ያሰረበትን ቀን፣ አስፋው በሬዲዮ ስሟን ሲጠራ እንዴት ድምፁን እንደሚያሳምር። ከዚያ ወሬው አለቀ። ቅዳሜስ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፈራሁ።

እስከ ቅያሱ አፍ ሸኘኝ። ልንለያይ ስንል እንደ ልማዱ ሊጠራኝ አፉን ከፈተና ተወው። እኔም ልጠራው ፈልጌ የምጠራበት ጠፋኝ። ወንጪ ሞታ ወንጪ እንዴት ልበለው?

«በል… ደህና ግባ» አለ።

«እሺ… ደህና ዋል።»

እንደማይተዋወቅ ሰው ተጨባብጠን ተለያየን። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይዤ ስመለስ እስከ ኮዬ ድረስ ያቺ ሰላምታ ስትከነክነኝ ነበር።

መልስ

ኮዬ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤት «የሦስተኛ ፎቁ አባባ፣ ዛሬ የት ጠፍተው ዋሉ?» አለችኝ። ዘመድ ጋ አልኳት። ቤቴን ከፈትኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሬዲዮኑን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት መርዶ ብቻን እንደማይነገር ነው ብዬ ይህን ማስታወሻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ለካ የሚሰማውን ብቻ ሳይሆን የሚናገረውንም አስበው ነው። ደንብ መጠበቅ ደግ ነው፤ ጠብቄ ግን የነበረኝን አንድ ወዳጅ አጣሁ፣ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

እዚህ ድረስ እንደጻፍኩ ስልኩ ጮኸ። ዛሬ ቅዳሜ አይደለም። አነሳሁት። ሸረፋ ነው፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ወንጪ የት ደረሰች እንዳይል ወንጪ የለችም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይልማ» አለ። «ይልማ፣ ገባህ?»

ዘነበች ካረፈች ወዲህ ስሜን የጠራኝ ሰው አልነበረም። ለካ ያውቀዋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ያውቀው ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«ገባሁ፣ ሸረፋ» አልኩት። «አሁን ገባሁ።»