ሰባት ሴቶች፣ ሰባት ቀን፣ አንድ ስልቻ በሶ

አባቴ አዳማ ገበያ እህል ነጋዴ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ቁናውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ማንበብ መጻፍ አላውቅም፤ ሽምብራ በሰፌድ ላይ አሰልፌ ስደምርና ስቀንስ ግን የሚያየኝ ነጋዴ ሁሉ ስፍሩን ያስተካክል ነበር። ራሴን ማሞገስ አልወድም፤ እውነት ሲሆን ግን ምን ላድርግ?

ስለዚህ የሰፈራችን ሴቶች ሶደሬ ፍል ውሃ ለመውረድ ሲነሱ ሒሳቡ የኔ ሆነ። ጣልያን ከመግባቱ ሦስት አራት ዓመት በፊት ነው፤ እኔም ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ሰባት ነበርን፦ እኔ፣ አማቴ፣ ሁለት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንና ሦስት የወሎ እስላሞች። ሌሎቹ ለሽርሽር ነው የሚሄዱት፤ አማቴ ግን ለጉልበታቸው። በእኛ ዘንድ ፍል ውሃ ሰባት ጠዋት በተከታታይ ካልተነከሩበት አይሠራም፤ ስድስት ቀን ተነክሮ መመለስ እንዳልነኩት ነው። አማቴ አምና በአራተኛው ቀን ስንቃቸው አልቆ ተመለሱና ክረምቱን ሙሉ ከመደብ ሳይወርዱ ከረሙ። ደጅ እንኳ ደግፌ የማወጣቸው እኔ ነበርኩ። «ዘንድሮም ካልሞላልኝ በቃ፣ ቁጭ ብዬ መቅረቴ ነው» ይሉ ነበር። እኔም በልቤ፣ በኔ ሒሳብ ማንም ከሰባት ቀን በፊት አይመለስም ብዬ ማልኩ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ እሑድ እቤታችን ተሰበሰብን። ያለን ገንዘብ በነፍስ ወከፍ አንድ ጠገራ ብር፣ በጠቅላላው ሰባት ብር ነው። ሰባት ሽምብራ ሰፌዱ ላይ አኖርኩ። ለአማቴ አንዲት በቅሎ፣ ደርሶ መልስ ሁለት ብር፤ ሁለት ሽምብራ አነሳሁ። ሴቶቹ ሦስት አህያ ካልተከራየን አሉ፤ አህያው ደርሶ መልስ አንድ አንድ ብር ነው።

«ሦስተኛው አህያ ምን ሊሸከም?» አልኩ።

«እኛን ሲደክመን!» አለች ከወሎዎቹ አንዷ፣ ባለ ሱቋ።

«ከመልካሳ ማዶ ላለች አገር? እግር ምን ሊሆን ተፈጠረ!» ብዬ ሁለት አህያ ብቻ ቆጠርኩ። የቀረው ሦስት ብር ለቅቤ፣ ለበርበሬና ለስኳር ሆነ። ባለ ሱቋ መንገዱን ሙሉ ስትረግመኝ ነው የወረደችው።

ሥጋ ገና ከጅምሩ ተተወ። ለሰባት ሰው አንድ በግ ይበቃ ነበር፤ ለሁለት ሃይማኖት ግን አንድ በግ አይበቃም። እነሱ የእኛ ቢላ ያረደውን አይበሉም፣ እኛም የእነሱን አንበላም፤ ሁለት በግ ደግሞ በሦስት ብር አይሞከርም። በሶ ሃይማኖት የለውም አልኩና በሶ ሆነ። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጣሳ፣ ለሰባት ሰው አሥራ አራት፣ በሰባት ቀን መቶ ሊሞላ ሁለት የጎደለው። ሁለቷን ለአፍ መሙያ ጨመርኩና መቶ ጣሳ ድፍን አደረግኩት። ከየቤቱ ገብስ ተዋጣ፣ ተቆላ፣ ተፈጨ፣ አንድ ትልቅ ስልቻ ሞላ።

አማቴ ስሰፍር እያዩ ፊታቸውን አጠቆሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እህል እንዲህ አንድ በአንድ አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል።»

«እማማ፣ አምና ያልተቆጠረው በአራት ቀን አለቀብዎት አይደል?» አልኳቸው። አፌ እንዲህ ነበር። እሳቸውም ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

ረቡዕ ሌሊት ተነስተን፣ በቀትር ሶደሬ ደረስን። ከአዋሽ ዳር ግራር ሥር ዳስ ጣልን፤ በቅሎውና አህዮቹም በስምንተኛው ቀን ሊመጡ ተመለሱ። የሴቶች ተራ ከንጋት እስከ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንዶች ይገባሉ። የሶደሬ ጦጣ ደግሞ ከሌባ ሁሉ የባሰ ነው፤ የቋጠርከውን ይፈታል፣ የከደንከውን ይከፍታል። ስለዚህ ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃ ሲወርዱ ስልቻውን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ማን ታምኖ!

ወይ ጦጣ! ጦጣስ በስንት ጣዕሙ! ጉዱ የመጣው በምሳ ሰዓት ነው። አማቴ በሶ ጨብጠው ከመጉረሳቸው በፊት ቀና ይሉና ያለፈውን ሁሉ «ኑ እንብላ!» ይላሉ። ይሄ የሁላችንም ወግ ነው፤ አላፊውም «ይባርክ፣ ብሉ» ብሎ ያልፋል። የእኔ ስሌት የተሠራው በዚህ ነበር፤ የሚጠራ እንጂ የሚቀመጥ ሰው አልቆጠርኩም። ፍል ውሃ ግን መንገድ አይደለም፤ ሰው የትም የሚሄድበት የለውም። ሲጠሩት ይቀመጣል! ከሁሩታ የመጡ ሽማግሌ ተቀመጡ፣ ከጎናችን ያደሩ ባልና ሚስት ተቀመጡ፣ ከብቶቿን አዋሽ የምታጠጣ አንዲት ኦሮሞ ሴት ከነልጇ ተቀመጠች። አማቴ ኦሮምኛ እንደ ውሃ ይናገሩ ነበርና ከሷ ጋር ወሬው አላልቅ አለ። እኔ የማየው ወሬውን አይደለም፤ የልጇን እጅ ነው። ያ ልጅ እንዴት ያለ ጎራሽ መሰላችሁ!

በሦስተኛው ቀን ማታ ሴቶቹ ሲያወጉ ስልቻውን ፈትቼ ሰፈርኩ። አምሳ ስምንት ጣሳ መቅረት ሲገባው የቀረው አርባ አራት ነው። የአንድ ቀን ስንቅ በእንግዳ ተበልቷል! ሽምብራዬን አሰለፍኩ። በዚህ አያያዝ በስድስተኛው ቀን ጠዋት የሚቀረው ሰባት ጣሳ ነው። ለሰባት ሰው ቁርስ፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞ ወደ ቤት። ደሜ ፈላ።

«እማማ፣» አልኩ ሁሉም እየሰሙ፣ «‹ኑ እንብላ› ባሉ ቁጥር ከጉልበትዎ ላይ እየቆረሱ እየሰጡ ነው። ሰባተኛውን ቀን ለሰው ልጅ አጉርሰውታል። አምና የሆኑትን ረሱት?»

አማቴ አልተቆጡም። «ታዲያ ሰው እያየኝ አጎንብሼ ልብላ?» አሉ።

«አዎ!»

«እንግዲህ እሱን አልችልበትም፣ ልጄ። ጉልበቴ ይቅር።»

እኔም ተናድጄ፣ ደግሞም አፍሬ፣ ፊቴን ወደ ግራሩ አዙሬ ተኛሁ።

በማግስቱ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ስሰፍርላቸው ስድስቱም «አንድ ጣሳ ይበቃኛል» አሉ። በነጋታውም እንዲሁ። እንግዳውም ቀነሰ፤ ያቺ የከብት ባለቤትማ ከነልጇ ዝር አላለችም። ቁጣዬ ሠርቷል ብዬ ደስ አለኝ፤ ኋላ ደግሞ ሆዴ ባባ። በተለይ አማቴ፣ በሽተኛዋ፣ በኔ አፍ ምክንያት ጦማቸውን ሊያድሩ ነው! እኔ ግን የራሴን ሁለት ጣሳ እበላ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማታ ስልቻውን ብሰፍረው፣ ሰባት ይሆናል ያልኩት ሃያ አራት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ጊዜ ሰፈርኩት። ሰባተኛው ቀን ሊሞላ ነው፤ ግን በአሮጊት ረሃብ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደርኩ።

ስድስተኛው ቀን ሲነጋ አላስቻለኝም፤ ስልቻውን ከጎናችን ላደሩት ባልና ሚስት አደራ ብዬ ሴቶቹን ተከተልኳቸው። አማቴ እግር ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ከውሃው ወጥተዋል፤ ወደ ዳሳችን ግን አልዞሩም፤ በወንዙ ዳር ሽቅብ ሄዱ። እሾህ አጥር ያለው የከብት በረት አገኘሁ፤ ሳቅ ይሰማል። ብቅ ስል፣ ስድስቱም ቁርበት ላይ ተደርድረው፣ አማቴ መሐል ላይ፣ ጭኮው በቅቤ ተለውሶ ፊታቸው፣ ወተቱ በጮጮ ሙሉ! ያቺ የከብት ባለቤት ቆማ ትቀዳለች። አማቴ አፋቸው ላይ ነጭ ወተት እንደ ጢም ተለጥፏል።

ሴትዮዋ አየችኝና «አካም ቡልቴ? ኮቱ! ኮቱ!»፣ እንዴት አደርሽ፣ ነይ፣ እያለች በእጇ ጠራችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከአራተኛው ቀን» አለች ባለ ሱቋ። «በሶሽን አበላናት፣ እሷ ደግሞ ‹ቁርስ ከኔ ነው› አለች።»

«እኔስ? እኔ ማን ነኝ? ለምን አልተነገረኝም?»

አማቴ ጢማቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ብንነግርሽ ወተቱንም ትሰፍሪዋለሽ ብለን ፈራን» አሉ።

አቤት የሳቁት ሳቅ! ባለ ሱቋማ ወደ ኋላ ተገለበጠች። እኔ በመጀመሪያ ላለቅስ ነበር፤ በኋላ የያዝኩትን ሐዘን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝና አብሬያቸው ሳቅሁ። ሙሉ ጮጮ ጠጣሁ። ስንት ጣሳ እንደሚሆን ግን፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልቤ ገምቶት ነበር።

ሰባተኛው ቀን እንዲህ ሞላ። ጎህ ሲቀድ ሁላችንም አብረን ወረድን፤ አማቴ ለመጨረሻ ጊዜ ሲነከሩ ማየት ፈልጌ ነበር። እኔ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልብሳቸውን ይዣለሁ። ውሃው ይጨሳል። ሰባት ጊዜ ጠለቁ፣ አማተቡ፣ ከዚያ ማንም ሳይደግፋቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ «ሞላ! እማማ፣ ሰባት ሞላ!» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«ያንቺስ?» አሉ።

«የኔ ምን?»

«አንቺ ስንት ቀን ገባሽ?»

ሰባት ቀን ፍል ውሃ ዳር አድሬ፣ ስንት ጣሳ፣ ስንት ሰው፣ ስንት እንግዳ ስል፣ የእግሬን ጣት እንኳ አልነከርኩም። አንድ ብር ከፍዬ፣ ከአዳማ በእግሬ ወርጄ! እንዲህ ያለ ኪሳራ በአባቴ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም።

«ፀሐይ ሊወጣ ነው፣ የወንዶቹ ተራ ደርሷል» አልኩ።

«ይጠብቁ!» አሉ አማቴ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ወደ ዳር መጡ፣ እጄን ያዙ፣ ከነቀሚሴ ጎተቱኝ። ውሃው እስከ አንገቴ ዋጠኝ፤ ሙቀቱ አጥንቴ ድረስ ገባ። አማቴ ከኋላዬ ቆመው ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን ያጠበኝ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ከላይ ሆነው «ኧረ ሴቶች፣ ውጡ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«ገና ነው!» አሉ አማቴ፣ «ልጄን እያጠብኩ ነው!»