«ደርሻለሁ» የሚለው ሹፌር

«እማማ፣ ያን የቦቴውን ነገር ንገሪን» ብለው ልጆቹ ነዝንዘውኝ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ አወራለሁ፣ አንዷ ትጽፋለች፣ የቀሩት ይስቃሉ። ተቀምጬ ማውራት ደግሞ አልችልበትም፤ አሁንም ከበሩ እስከ መስኮቱ እየተመላለስኩ ነው። የምትጽፈው ልጅ «አንገቴን አጣመምሽው» ትላለች። ምን ላድርግ፣ እግሬ እንዲህ ነው።

ያን ጊዜ ሃርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ከልጄ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ከድሬዳዋ ይዛኝ የመጣችው እሷ ናት። ኮምፒውተር ተምራለችና ውሃ በቦቴ የሚያመላልሱ አንዲት ሴትዮ ለሙከራ ቀጠሯት። ሰው በስልኩ ዌብሳይቱን ከፍቶ ውሃ ያዛል፣ እዚያው ይከፍላል፣ ቦቴው ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የቀድሞው ዌብሳይት ሰው ከከፈለ በኋላ ድርቅ እያለ አስቸግሯቸው ስለነበር፣ ሴትዮዋ ቁርጡን ነግረዋታል፤ «አዲሱ ላይ አንድ ሰው ከፍሎ ውሃ ካጣ፣ እኔና አንቺ እዚያው እንለያያለን።» ከተለያዩ ወደ ድሬ መመለስ ነው፤ ቤታችንን ደግሞ ሸጠን ነው የመጣነው። ያን ሰሞን እንቅልፌም እንደ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር።

አብሯት የሚሠራው ልጅ የዚሁ የሃርጌሳ ልጅ ነው፤ ጅጅጋ ስላደገ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። እኛ ቤት እየመጣ ላፕቶፑን ከሷ ጎን ዘርግቶ ይሠራል። እኔን «አየዮ» ይለኛል፤ በሶማልኛ አያቴ ማለቱ ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ፊታቸውን ቋጥረው ሲያፈጡ አላስችለኝ አለ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያስጨነቃችሁ?»

«አየዮ፣ ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

«ቆሜም እሰማለሁ።»

ሳቀ። «ዌብሳይቱ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ አለ በይ። አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ ክፍያ ያያል፣ አንዱ ሹፌር ይጠራል። ድሮ እያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ራሱ እየዞረ ይፈልግ ነበር።»

«እንደኔ።»

«ልክ እንዳንቺ! አሁን አይዞርም። ‹ሹፌር ያስፈልገኛል› ብሎ ገና በሩ ላይ ይናገራል፣ ከውጭ ይሰጠዋል። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ይባላል።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

የልጄ ልጅ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ መለሰችልኝ። «በፊት ዌብሳይቱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነበር የሚታደለው። የጎደለ ነገር ካለ የምናውቀው ደንበኛው ፊት ሲወድቅ ነው። አሁን ግን ገና ኮምፓይል ስናደርገው፣ ማለት የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ስንለውጠው፣ ለማን ምን እንደሚሰጥ የሚናገረውን ኮድ ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል። የጎደለ ካለ እምቢ ይላል፤ ዌብሳይቱም አይከፈትም።»

«እንግዲያው ተገላገላችሁ፤ አልሐምዱሊላህ!»

«ገና ነው እማማ። ኢንሻአላህ በይ።»

ዌብሳይቱ የተከፈተ ቀን ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው አዩት። ማሽኑ እምቢ አላለም፣ ቀይ የስህተት ጽሑፍ የሚባል አልወጣም። ሁሉም ተመሰጋገነ። እኔ ግን ደስታውንም ተቀምጬ ማጣጣም አቃተኝ፤ ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። የመንገዱን ፍየሎች እየተጋፋሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ፣ ሳላስበው ዳሚ የሚባለው ሰፈር ደረስኩ።

እዚያ አንዲት ሴት ባዶ በርሜሏን ከፍታ አጠገቡ ተቀምጣለች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። በሶማልኛ ሰላም ስላት ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ ስልኳን ፊቴ ላይ ዘረጋችው።

«ቦቴው ደርሷል ይላል። የታለ? ወይስ ዘንድሮ ቦቴ በኪስ ይገባል?»

ማንበብ ባልችልም ያችን ትንሽ ሰማያዊ ቦቴ አወቅኳት። የልጄ ልጅ ናት የሳለቻት።

ስመለስ መንገድ ተሳሳትኩ፤ እኔ፣ ሃርጌሳን በእግሬ የማውቃት! ብነግራት በኔው አፍ ሥራዋን ልታጣ ነው። ባልነግራት ያቺ ሴት በርሜሏን ከፍታ ልታመሽ ነው። ሁለት እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። በሩን ስከፍት ግን ምላሴ ከኔ ቀደመ፤ ነገርኳቸው።

የልጄ ልጅ ዓመድ መሰለች። መጀመሪያ ስልክ አንስታ አንድ ቦቴ ወደ ዳሚ እንዲሄድ ለመነች። ከዚያ ማሽኑ የጻፈውን ኮድ ከፍታ በጣቷ እየተከተለች ወረደች።

«ሹፌር ጎድሎ ቢሆን ኖሮ እኮ ማሽኑ ይነግረን ነበር» አለ ልጁ።

«አልጎደለም። ሹፌር ተሰጥቶታል፤ የተሰጠው ግን የውሸቱ ነው።»

ዌብሳይቱን ሲሞክሩ እውነተኛ ሹፌር በየደቂቃው ማስጨነቅ ስለማይችሉ፣ የውሸት ሹፌር ሠርተው ይሰጡት ነበር ለካ። የትም አይሄድም፤ ሲጠሩት «ደርሻለሁ» ማለት ብቻ ነው ሥራው። ማሽኑ ደግሞ ቦታው ላይ ሹፌር መኖሩን እንጂ፣ ሹፌሩ ከቦታው ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አይጠይቅም።

እኔ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? ቦቴው በሰፈራችን ሲያልፍ ከሹፌሩ ጎን ወጥቼ ቤቱን አሳየሁት። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ያቺ ሴት «ከኪስ ወጣች!» ብላ ሳቀች።

ስመለስ የቦቴዎቹ ባለቤት እኛ ቤት ቆመዋል። ሁለቱ ልጆች የውሸቱን ሹፌር አውጥተው እውነተኛውን ተክተዋል፣ ማሽኑም ኮዱን እንደገና ጽፎታል፤ ግን ማን ይሰማል?

«ማነው ይህን ያደረገው?» አሉ።

የልጄ ልጅ አፏን ስትከፍት ልጁ ቀደማት። «እኔ ነኝ። የሙከራውን ሹፌር ሳላወጣ የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሴትየዋ ውሃዋን ስላገኘች አልፌሃለሁ። ግን መድረስ ምን እንደሆነ ትማራለህ። ከነገ ጀምሮ ቦቴው ላይ ነህ።»

ያን በጋ ሙሉ በአቧራ ተለውሶ ጎማ ቱቦ ሲጎትት ከረመ። በመንገድ ሳገኘው አልምረውም ነበር። «አንተ፣ ደረስክ ወይስ እንዲያው ደርሻለሁ ነው?» እለዋለሁ። «ወላሂ አየዮ፣ ወገቤን ጠይቂው!» ይለኛል። የልጄ ልጅ ግን ምሳ ቋጥራ ቦቴው ድረስ ትወስድለታለች። እኔ ደግሞ ከኋላዋ፣ «አቦ፣ ከእንጀራሽ ሊያፈናቅልሽ ለነበረ ሰው ምሳ!» እያልኩ አጉረመርማለሁ። እሷ እርምጃዋን ታፈጥናለች።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያው ልጅ ሽማግሌ ልኮ ሊያገባት ሲጠይቅ፣ እኔ «ያ ዝርክርክ?» ብዬ ፊቴን ሳጠቁር ነው የነገረችኝ። የውሸቱን ሹፌር እዚያ ረስታ የተወችው እሷ ነበረች።