ዳቦውን ማን ይቁረስ?

መካነ ሰላም መመገቢያ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ረዳት ወጥ ሠሪ ተብዬ ጭልፋ ተሰጠኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ በልጉ ከሽፎ አገሩ ተርቧል። እኔ ግን ደስታዬን ምን ልደብቅ፣ ለሰው ምግብ ላወጣ ነው! ቅንጬው በበርሜል ሲንተከተክ ሳይ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

አስተባባሪያችን አቶ ግርማ ሥርዓቱን አስረዱኝ። "ሰው ተሰልፎ ጣሳውን ያቀርባል፤ አንድ አንድ ጭልፋ ትጨምሪለታለሽ። አልፈልግም ያለውን እለፊው።"

"በኛ አገር እኮ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ የሚል የለም!" አልኳቸው። ሳቁና ሄዱ።

አጥሩ ሥር አያ ይመር ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሀራ ጋር ቆመዋል። በደጉ ጊዜ የገበያ መንገደኛ ሁሉ እሳቸው ቤት ሳይቀምስ አያልፍም ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ስንት ቀን በልቻለሁ። አሁን ዱላቸው ነው ያቆማቸው።

"አያ ይመር፣ ይምጡ እንጂ!"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ ልጄ። ለሌላው ስጪ።"

"በሞቴ!"

"አንቺ ኑሪልኝ። ጠግቤያለሁ አልኩሽ።"

እትዬ ዘሀራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "እሳቸው ሳይበሉ እኔ እንዴት እበላለሁ? ሁለታችንም ማለቃችን ነው።"

በማግስቱ፣ ከጣቢያው ዱቄት ድፎ ዳቦ ልጋግርና ሰዉ ተሰልፎ ሳይሆን ከቦ ተቀምጦ ይብላ ብዬ አቶ ግርማን ለመንኩ።

"ወረፋው ይበላሽብናል" አሉ።

"ሰው ከሚበላሽ ወረፋው ይበላሽ!"

ፈቀዱልኝ፤ እንዲያውም እንጨቱን ራሳቸው ፈለጡ።

ዳቦው እንደወጣ ወደ አጥሩ በረርኩ። "አያ ይመር፣ ዳቦ ጋግረን ቆራሽ ሽማግሌ አጣን። መርቀው ይቁረሱልን።"

ቀና አሉ። "ይሄማ ወግ ነው፤ እምቢ አይባልም።"

ሰዉን ዙሪያውን አስቀምጠው ዱአ አደረጉ። እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ቆረሱ፣ አደሉ፣ አደሉና እጃቸውን አራግፈው ባዷቸውን ተቀመጡ! የራሳቸውንም ድርሻ ሰጥተውታል።

ግን ማንም አልጎረሰም። ያ ሁሉ የተራበ ሰው ዳቦውን በእጁ ይዞ እሳቸውን ያያል።

"ቆራሹ ሳይቀምስ ማን ይቀምሳል?" አሉ እትዬ ዘሀራ፣ ከድርሻቸው ገምሰው እየዘረጉላቸው።

አያ ይመር ዙሪያውን ቃኙ። "ለካ ሰዉን ያስራብኩት እኔ ነኝ!" አሉና ጎረሱ። እልልታዬን ለቀቅኩት! ሰዉም በላ።

ኋላ ዋና ወጥ ሠሪ ሆኜ በብዙ ጣቢያ ሠርቻለሁ። የትም ቢሆን በርሜሉን ከመክፈቴ በፊት ሽማግሌ እፈልጋለሁ። ሰው ተረጂ ሆኖ የማይነካውን እህል፣ ባለማዕድ ሆኖ ይበላዋል።