የንግሥቲቱ ስላይዶችና የእህቴ ወረቀት

እኔ ድሮም ቱግ ባይ ነኝ፤ እህቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። የዚያን ቅዳሜ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ትራፊኩን እየረገምኩ ሄጄ፣ ልጇ ላፕቶፗን ከፍታ ፕረዘንቴሽን ስትለማመድ አገኘኋት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከቀብሩ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ አስተማሪዋ ግን የታሪኩን ሥራ ለሰኞ ትፈልጋለች።

«ቁጭ በይና ስሚኝ» አለችኝ።

ስለ አንዲት የቤልጅየም ንግሥት ነው። ከስዊድን መጥታ ለአልጋ ወራሹ የተዳረች ልዕልት ናት። አማቷ ተራራ ሲወጡ ወድቀው ሞቱና ባሏ ሲነግሥ እሷም ንግሥት ሆነች፤ አሥራ ስምንት ወር ብቻ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ባሏ የሚነዳው መኪና ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ገጨና በሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ተቀጨች። ትንሹ ልጇ ገና ድክ ድክ ይል ነበር።

ይኼ ሁሉ አንድ ስላይድ ነው። ከዚያ ትልቁ ወንድ ልጇ ነገሠ፣ እሱ ሲሞት ታናሹ ነገሠ፣ ሴት ልጇ ሉክሰምበርግ ተዳረችና የእሷም ልጅ እዚያ ነገሠ። ስድስት ስላይድ ሙሉ ሜዳሊያ የደረደረ ወንድ።

ደሜ ፈላ። «ቆይ፣ ሴትዮዋ ራሷ የት ገባች? ምን ትወድ ነበር? ምን ያናድዳት ነበር? ወልዳ ሞተች፣ በቃ?» ብዬ ጮኽኩባት። አስተማሪዋን ሰደብኩ፣ መጽሐፉን የጻፈውን ሰደብኩ፣ መኪናውን የነዳውን ንጉሥ ሳይቀር ሰደብኩ።

ልጅቷ ስድቤን ስጨርስ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ አንድ ወረቀት አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። በቀብሩ ላይ የተነበበው የእናቷ የሕይወት ታሪክ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

መጻፍ ካላችሁት ነው እንግዲህ። የዕድሩ ጸሐፊ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ባለፈው ዓመት ለሞቱ አንዲት እናት የተነበበውን ልከውልኝ «ልጄ፣ ስሙንና ዓመቱን ብቻ ለውጪው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። እኔም ለወጥኩት። እንግዳ ተቀባይ ነበረች የሚለውን አልነካሁትም፤ እህቴ ሰው ሲመጣባት ፊቷ የሚጠቁር ሴት ነበረች። «ልጆቿን ድራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች» የሚለውንም ተውኩት። ያልተዳረችው ልጅ ፊት ተነበበ። ሕዝቡ እያለቀሰ ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ሰው አላስተዋለም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

«ስለዚህ ንገሪኝ» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ስለ እማዬ አንድ ነገር። እኔና ወንድሜ የሌለንበት።»

«ልጅ ሆና...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሱን አይደለም። እዚህ። ትልቅ ሆና።»

አሰብኩ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ አካባቢ ኖረናል፤ በሳምንት ሦስቴ እንደዋወል ነበር። ስልኩን እንዳነሳች የምጠይቃት ልጆቹ እንዴት ናቸው ብዬ ነው። እሷም ስለ ልጆቹ ትነግረኝና፣ አንዳችን ሥራ ይረፍድብንና እንዘጋለን።

እኔ ወረቀቱን አያለሁ።

«አላውቅም» አልኳት።