ቀናው እና የታችኛው ሣር

የዚያን ዓመት በጋ አልረሳውም። ክረምቱ ሳይጠገብ ወጣና የካቲት ሲገባ አቃቂ አቧራ ብቻ ሆነች፤ ከቃሊቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጥርሳችን መሃል አሸዋ ይንቋቋ ነበር። ውኃ በፈረቃ ነው የምትመጣው፣ እሷም ደስ ሲላት። ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ፀሐይ ላይ ይውላል። ታዲያ በዚያ ሁሉ መሃል የእኛ መናፈሻ አረንጓዴ ነበረች። በሩን ስገባ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲቀበለኝ እንዲያው ሰውነቴ ሁሉ ይፍታታ ነበር። ውኃዋ ከራሷ አሮጌ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ነው፤ ጨዋማ ስለሆነ አይጠጣም እንጂ ሕዝቡ ቧንቧውን ነቅሎ ይወስደው ነበር።

እኔ እጠርጋለሁ፣ ቀናው ያጠጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ ነው እዚያ የገባው፣ ከእኔ ቀደም ብሎ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮፍያውን ለማንም የማያነሳ ሰው ነው። ጽጌረዳዎቹን ክር ወጥሮ ነው የተከላቸው። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ የውኃ ጎማውን እንደያዘ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል።

"ሙሽሪት፣ ቬሎሽን ሰብሰብ! እሾሁ ይይዝሻል ብዬ አይደለም፤ አንቺ እንዳትሰብሪው ነው!"

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ልጁ ሊዲያ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት ደርሷት "አባዬ፣ ና አብረኸን ኑር" ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ "እነዚህን ማን ያጠጣልኛል?"

ከዚያ መናፈሻዋን የሚያስተዳድረው ቢሮ ለሁለት ከፈላት። የላይኛው ለቀናው ሆነ፤ ድንጋይና ጥራጊ የሚደፋበት የታችኛው ደግሞ እምነት ለምትባል ወጣት ሴት ተሰጠ። ዓመቱ ሲያልቅ የተሻለ የያዘው የሁለቱም ኃላፊ ይሆናል ተባለ። ቀናው ሣቀ። ድንጋይ ላይ ምን ሊበቅል ነው ብሎ።

እምነት ድንጋዩን ለቀመች፣ ሣር ተከለች። ያ ሣር ታዲያ ያዘ፣ ያውም እንዴት አድርጎ! የእሱ በቀን ሁለቴ እየጠጣ ጫፉ ያርራል፤ የእሷ ብዙም ጎማ ሳይነካው ይለመልማል። ሙሽሮቹም ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። የቀናው በሽታ የጀመረው ያኔ ነው።

"አሰጋሽ፣ ያቺ ልጅ ዛሬ አጠጣች?"

"አላየሁም።"

"እንዴት አታዪም? ዓይን የለሽም?"

ቀኑን ሙሉ እምነት እንዲህ አደረገች፣ እምነት በዚያ ዞረች። ምን ልበላችሁ፣ ያን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን፣ ምሳዬን ስንት ጊዜ አካፍዬው፣ የእኔን ስም የሚጠራው የእሷን ወሬ ሊጠይቀኝ ብቻ ሆነ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ግን ስታልፍ መጥረጊያዬን ጠበቅ አድርጌ እይዝ ነበር።

ከበሩ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ረሻድ ደግሞ ነገር ሲፈልግ ነው የሚውለው።

"ቀናው! ዛሬስ ቀናህ?"

ሥራውን ይሁን ቅናቱን የጠየቀው አይታወቅም። ሱቁ በር ላይ የቆመው ሁሉ ይስቃል።

"የትኛውን ነው የምትጠይቀኝ?" ይላል ቀናው ተናዶ።

"አንተው መርጠህ መልስ!"

አንድ ቀን ቀናው መታገሥ አልቻለም። ቢሮ ሄዶ "ውኃዬን ትሰርቀኛለች" ብሎ ከሰሳት። አለቃው ሙህሲን የሚባለውን የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ።

"ጋሽ ቀናው፣ ጎማዬ ያው ተጠቅልሎ ተቀምጧል" አለች እምነት። "በምን ልስረቅዎት፣ በአፌ?"

"እሱን ነው ዛሬ የምናየው። እዚህ ጋ ቆፍሩ!" አለ ቀናው፣ ድንበሩን ራሱ እያሳየ።

ተቆፈረ። ሙህሲን ጭቃውን በእጁ ሲጠርግ ቧንቧው ላይ በሽቦ የታሰረ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ። በሥሩ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ወደ እሷ ሣር ይወርዳል።

"ማነው ደግሞ ቧንቧ በከመነዳሪ የሚያስር?" ብሎ ሣቀ ሙህሲን።

ያሰረው ቀናው ነው። ጠጋኝ እስኪላክ መጠበቅ ሰልችቶት ያሰረ ቀን ከጎኑ ነበርኩ። እኔ መጥረጊያዬን አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ፤ ግን ፊቱ ሲገረጣ ሁሉም ገባው።

"ውይ ጋሽ ቀናው፣ ሲያጠጡልኝ የከረሙት እርስዎ ነዎት? እግዜር ይስጥልኝ!" አለች እምነት።

የምሯን ነው እኮ ያለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ቧንቧው ተቀየረ። የታችኛው ሣር ወዲያው ወደ ቢጫ መምታት ጀመረ፤ ቀናውም ድንበሩ ላይ እየቆመ ያየዋል። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ገና ጎህ ሲቀድ ጎማዋን እየጎተተች ታጠጣ ጀመር፤ ሣሩም በራሷ ጉልበት ተመለሰ። እንግዲህ በምን ያሳብብ? ዓመቱ ሲያልቅ ኃላፊነቱ ለእሷ ሆነ። ቀናው በሥሯ ሆኖ መሥራቱን እምቢ አለ።

የመጨረሻዋን ቀን ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ ሲያሳያት ዋለ። "እዚህ አይደለም! ቡቃያው ከሚወጣበት ከፍ አድርገሽ ቁረጪ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?" እያለ ይጮህባታል፤ እሷም "እሺ ጋሼ፣ እሺ" ትለዋለች። እኔ ከኋላቸው ያንኑ ቦታ ደጋግሜ እጠርጋለሁ። ሲወጣ "ደህና ሁኚ" ያለው እሷን ነው። እኔን በሩ ላይ አልፎኝ ሄደ።

አሁን ኮዬ ፈጬ ነው፤ ልጁ ሊዲያ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል።